ኃይሎቹ ይጣፋሉ፣ ሥራቸው ግን አይጣፋም

ጥያቄ፦ «የሲቪል ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከቆምኩበት ስዘል መሬቱ ወደ ላይ ይገፋኛል። ግን ጫማዬ ያረፈበት ቦታ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ መሬቱ ሥራ አልሠራም። የጡንቻዎቼ ኃይል ደግሞ የውስጥ ኃይል ነው፤ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ እርስ በርሱ ይጣፋል ተብለናል። ታዲያ ወደ ላይ ያወጣኝን ሥራ ማን ሠራው? በስትራክቸር ኮርስ ደግሞ የውስጥ ሥራ ከውጭ ሥራ ጋር እኩል ነው ይሉናል። የቱን ልመን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ኮርሱን በኤ የሚያልፉ ብዙ ናቸው። እኔም አንዱ ነበርኩ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ ልክ እንዳንቺ ጠየቀኝ። ጠመኔዬን በጣቴ እያሽከረከርኩ ትንሽ አሰብኩና «መሬቱ ነዋ!» ብዬ አለፍኩት። ማታ እንቅልፍ ነሳኝ። የተናገርኩት ስህተት ነበር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ቃሌን መለስኩ።

አጭሩ መልስ ይኸው። ሥራውን የሠሩት ጡንቻዎችሽ ናቸው። የውስጥ ኃይሎች ድምር ዜሮ ነው፤ ይህ እውነት ነው። የውስጥ ኃይሎች የሚሠሩት ሥራ ድምር ግን ዜሮ የመሆን ግዴታ የለበትም። «ይጣፋል» የሚለው ቃል ለኃይል ልክ ነው፤ ለሥራ ሲሆን ያሳስታል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቃላት ትንሽ ልበል። በአማርኛ ኃይል፣ ጉልበትና አቅም ቦታ እየተቀያየሩ ይሠራባቸዋል። እናንተ ክፍል ውስጥ ፎርስ የምትሉትን እዚህ ኃይል እለዋለሁ። ኢነርጂን ኢነርጂ ብዬ እተወዋለሁ። ሥራ ስል ደግሞ በጁል የሚለካውን እንጂ ደመወዝ የሚከፈልበትን አይደለም።

ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይዘለላል። የማን ርቀት? መልሱ ኃይሉ ያረፈበት ነጥብ የተጓዘው ርቀት ነው። የሰውየው ወይም የመኪናው ርቀት አይደለም። ያች ነጥብ፣ ኃይሉ የሚነካት ያች ቁራጭ አካል ስንት ተጓዘች ነው ነገሩ።

አሁን ሁለት ኳሶች አስቢ። በመሃላቸው የተጨመቀ ሞላ አለ። ስትለቂው ሞላው አንዱን ኳስ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ ይገፋል። ኃይሉ እኩል ነው፤ በአማካይ 10 ኒውተን እንበል። ሞላው እስኪፈታ እያንዳንዱ ኳስ 2 ሳንቲ ሜትር ተገፋ። በቀኙ ኳስ ላይ 0.2 ጁል ሥራ ተሠራ። በግራው ላይስ? ኃይሉ ወደ ግራ፣ ጉዞውም ወደ ግራ። እሱም 0.2 ጁል ነው። ድምሩ 0.4 ጁል ሆነ። ኃይሎቹ ተቃራኒ ናቸው፤ ጉዞዎቹም ተቃራኒ ናቸው። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ነው። የጠፋ ነገር የለም።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ የኃይል ጥንድ የሚሠራው ሥራ በአንድ ነገር ብቻ ይወሰናል። እሱም በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ስንት ተለወጠ የሚለው ነው። ርቀቱ ካልተለወጠ ሥራው ዜሮ ነው። ርቀቱ በፍጹም የማይለወጥበት አካል ደግሞ ግትር አካል ይባላል። «የውስጥ ኃይሎች ሥራ አይሠሩም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የመጣው ከግትር አካል ምዕራፍ ነው። እዚያ ልክ ነው። ችግሩ ተማሪው ምዕራፉን ረስቶ ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ይዞ መውጣቱ ነው። አንቺ ደግሞ ግትር አይደለሽም። ጉልበትሽ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ስትዘዪ ቅርጽሽ ተለውጧል።

አንድ ነገር በቅንፍ ላስቀምጥ፤ ለእኔ የዚህ ርዕስ ውብ ክፍል እሱ ነው። ተራ ሥራ በተመልካቹ ላይ ይወሰናል። የጥንድ ኃይል ሥራ ግን አይወሰንም። ባቡር ውስጥ ተቀምጠሽ አንድ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በሁለት መዳፍሽ መሃል ጨመቅሽ እንበል። የኋላው እጅሽ ወደ ፊት፣ የፊተኛው እጅሽ ወደ ኋላ ይገፋል። ኃይሉ 30 ኒውተን፣ ስፖንጁ የጠበበው 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ለአንቺ ሥራው 1.5 ጁል ነው። ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ግን ባቡሩ በዚያች ቅጽበት 20 ሜትር ሲሄድ ያያል። ለእሱ የኋላው እጅሽ 20 ሜትር ገፋ፤ 600 ጁል። የፊተኛው እጅሽ ወደ ኋላ እየገፋ 19.95 ሜትር ወደ ፊት ሄደ፤ 598.5 ጁል፣ ግን ኔጌቲቭ። ሲደመር? 1.5 ጁል። ሁለታችሁ በእያንዳንዱ እጅ ሥራ አትስማሙም። በስፖንጁ ላይ ግን ትስማማላችሁ። መስማማትም አለባችሁ፤ ስፖንጁ የሚሞቀው አንዴ ነው፣ ለተመልካች ብሎ ሁለት ዓይነት አይሞቅም።

እንግዲህ ወደ ዝላይሽ።

60 ኪሎ ነሽ እንበል። ትንሽ ሸብረክ ትዪና ትዘያለሽ። እግርሽ መሬት ላይ እያለ የግዝፈት ማዕከልሽ፣ ማለትም ሴንተር ኦፍ ማስ የምትሉት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ይነሳል። ከዚያ አየር ላይ ሌላ 40 ሳንቲ ሜትር ትወጫለሽ። ይህ እንዲሆን ከመሬት ስትለቂ ፍጥነትሽ በሴኮንድ 2.8 ሜትር መሆን አለበት። የእንቅስቃሴ ኢነርጂሽ ያኔ 235 ጁል ነው። እስከዚያ ድረስ ክብደትሽን 40 ሳንቲ ሜትር ለማንሳት ሌላ 235 ጁል ወጥቷል። በጠቅላላ 470 ጁል። ይህ ከየት መጣ?

የመሬቱን ኃይል እናስላው። ክብደትሽ 588 ኒውተን ነው። ከላይ ያለው ፍጥነት እንዲገኝ መሬቱ በአማካይ የዚህን እጥፍ፣ 1,176 ኒውተን መግፋት አለበት። አሁን 1,176ን በ0.4 ሜትር አባዢው። 470 ጁል! ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ቁጥሩ ልክ ወጣ፣ ስለዚህ ሥራውን የሠራው መሬቱ ነው ይላል። እኔም ያን ቀን የተሳሳትኩት እዚችው ጋ ነው።

የተባዛው ርቀት የማን ነው? የግዝፈት ማዕከልሽ። የመሬቱ ኃይል ያረፈው ግን እምብርትሽ አካባቢ አይደለም፤ ጫማሽ ሥር ነው። ጫማሽ ዜሮ ተጓዘ። የመሬቱ ሥራም ዜሮ ነው። ያባዛሽው ነገር ትርጉም የለውም ማለቴ አይደለም። እሱ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው፣ በርቀት ተደምሮ። ማዕከልሽ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በትክክል ይነግርሻል። ኢነርጂው ከማን ኪስ እንደወጣ ግን አይነግርሽም። አንዳንድ መምህራን ይህን ብዜት የውሸት ሥራ ይሉታል። ስሙ ትንሽ ያንቋሽሸዋል፤ ቢሆንም ስህተትን ይከላከላል።

ሁለት ደብተር ያዢ። በአንደኛው የእንቅስቃሴ ሒሳብ ይጻፋል። እዚያ የሚገቡት የውጭ ኃይሎች ብቻ ናቸው፤ ርቀቱም የማዕከሉ ርቀት ነው። በሁለተኛው የኢነርጂ ሒሳብ ይጻፋል። እዚያ እያንዳንዱ ኃይል ያረፈበት ነጥብ በተጓዘው ርቀት ይባዛል፤ የውስጡም ይቆጠራል። ለግትር አካል፣ ካልተሽከረከረ፣ ሁለቱ ደብተሮች አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ልዩነታቸው አይታይም። ቅርጹ ለሚለወጥ አካል ይለያያሉ። ከአንዱ ደብተር መስመር ወስደሽ በሌላው ላይ ከለጠፍሽ ነው ጣጣ የሚመጣው።

ጡንቻው ውስጥ ምን ይሆናል? አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ የፕሮቲን ክሮች አሉ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይንሸራተታል። የነጥቦች ርቀት ተለወጠ ማለት ነው፤ ቃል በቃል የውስጥ ሥራ። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኢነርጂ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአምስት አንድ እስከ አራት አንድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ለ470 ጁል ሥራ ወደ 2,000 ጁል የምግብ ኢነርጂ ይነድዳል። የቀረው ሙቀት ነው። ደጋግመሽ ስትዘዪ የሚያልብሽ ለዚህ ነው። 2,000 ጁል ብዙ እንዳይመስልሽ፤ እንጀራ ለማቃጠል በዝላይ መተማመን አያዋጣም።

መሬቱ ታዲያ ምን አደረገ? ግድ ያስፈልጋል። እሱ ባይኖር ጡንቻሽ እግርሽን ይዘረጋዋል እንጂ ማዕከልሽ ወደ ላይ አይሄድም። መሬቱ መደገፊያ ነው። ግፊቱን ሰጠ፤ ኢነርጂውን ግን አንቺ ከፈልሽ። አሸዋ ላይ ዝለይ፤ ልዩነቱን ታያለሽ። አሸዋው ከእግርሽ ሥር ወደ ታች ይሸሻል። ኃይሉ ወደ ላይ፣ ነጥቡ ወደ ታች። አሁን መሬቱ ሥራ ሠራ፤ ግን ኔጌቲቭ ሥራ፣ ካንቺ ወሰደ። ዝላይሽ ያጥራል።

ዝላዩን ገልብጪው፤ ግጭት ይሆናል። መኪና ከግንብ ጋር ሲጋጭ ግንቡ ንቅንቅ አይልም፤ ሥራ አልሠራም። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት በ72 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 240,000 ጁል ይዟል። ሲቆም ይህ ሁሉ የት ገባ? ብረቱ ውስጥ። ላሜራው ሲታጠፍና ሲጨማደድ የውስጥ ኃይሎች ያን ሁሉ ኢነርጂ በሉት። ቤላ ባረኒ የሚባል የመርሴዲስ ቤንዝ መሐንዲስ ከፊትና ከኋላ የሚጨማደድ፣ መሃሉ ግን ጠንካራ የሆነ መኪና ሐሳብ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ፓተንት አስመዘገበበት። በ1959 ሐሳቡ ያለበት መኪና ገበያ ላይ ዋለ። «የዱሮ መኪና ብረቱ ጠንካራ ነበር፤ የዛሬው ቆርቆሮ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ቆርቆሮነቱ ታስቦ የተሠራ ነው። ብረቱ ካልታጠፈ ኢነርጂውን የሚበላው የተሳፋሪው አጥንት ነው።

ፍሬንም ያው ነው። ተማሪዎቼን «መኪናን የሚያቆመው ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ «የመንገዱ ሰበቃ» ይላሉ። በመጀመሪያው ደብተር ልክ ናቸው። በሁለተኛው ግን ጎማው ሳይንሸራተት እየተንከባለለ ከሆነ፣ ከአስፋልቱ ጋር የሚነካካው ነጥብ በዚያች ቅጽበት ቆሟል። የመንገዱ ሥራ ዜሮ ነው። ኢነርጂውን የሚበላው በፍሬን ሸራውና በታምቡሩ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ይህ ለመኪናው የውስጥ ኃይል ነው። ሸራው ታምቡሩን ይጎትታል፤ ታምቡሩም ሸራውን በእኩል ይጎትታል። ኃይሎቹ ተጣፉ። ግን አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ነው። ስለዚህ ሥራቸው አልተጣፋም፤ ሙቀት ሆነ።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርዱ ሹፌሮች ናቸው። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያስጥላል። 30 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የመሬት ስበት 294 ሚሊዮን ጁል ሥራ ይሠራበታል። ፍጥነቱ ግን ከላይ እንደነበረው ነው። ስለዚህ ከአየሩና ከጎማው ድርሻ በስተቀር ሁሉም የውስጥ ኃይሎች ሊበሉት ይገባል። ያ ኢነርጂ ከ800 ሊትር በላይ የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ታምቡሮች ላይ ብትጭኚው ሸራው ይጨሳል፣ ፍሬኑም ይከዳል። አሮጌ ሹፌር «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው ለዚህ ነው። በከባድ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እንደ ፓምፕ አየር እየሳበና እየገፋ ሸክሙን ይጋራል። ሹፌሩ ኮንቲኒዩም ሜካኒክስ (ቅርጹ የሚለወጥ አካል ሳይንስ) አልተማረም፤ የውስጥ ሥራን ግን በአፍንጫው ያውቀዋል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄሽ። በስትራክቸር ኮርስ የውስጥ ሥራ ከውጭ ሥራ ጋር እኩል ነው ይላሉ። በፊዚክስ ደግሞ የሁለቱ ድምር ከእንቅስቃሴ ኢነርጂ ለውጥ ጋር እኩል ነው ይባላል። ምሰሶው ቆሞ የሚቀር ከሆነ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ለውጥ የለም። ስለዚህ ድምሩ ዜሮ፣ ማለትም አንዱ የሌላው ኔጌቲቭ ነው። እኩል ወይስ ተቃራኒ? ጠቡ የምልክት ብቻ ነው። የስትራክቸር ሰዎች «የውስጥ ሥራ» ሲሉ በምሰሶው ውስጥ የተጠራቀመውን ኢነርጂ ማለታቸው ነው። የፊዚክስ ሰዎች ደግሞ የውስጥ ኃይሎቹ ራሳቸው የሠሩትን ሥራ ማለታቸው ነው። ሞላ ስትጨምቂ የሞላው ኃይል ይቃወምሻል፤ ሥራው ኔጌቲቭ ነው። የተጠራቀመው ግን ፖዘቲቭ ነው። ያው ቁጥር፣ ምልክቱ የተገለበጠ። ሁለቱ ኮርሶች አንድ ቃል ለሁለት ነገር መጠቀማቸውን ማንም በግልጽ ስለማይናገር ተማሪ ይሰቃያል። የማስተማር ጥፋት ነው እላለሁ፤ የራሴንም ጨምሮ።

እዚያው ኮርስ ላይ ግማሽ የሚባል ነገር አለ። አንድ ቢም ላይ 10,000 ኒውተን ጭነት አስቀመጥሽ። ቢሙ 5 ሚሊ ሜትር ጎበጠ። ጭነቱ 5 ሚሊ ሜትር ስለወረደ ስበት 50 ጁል ሥራ ሠርቷል። በቢሙ ውስጥ የተጠራቀመው ግን 25 ጁል ብቻ ነው። ይህ ግማሽ በክላፔሮን ስም ይጠራል። ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር። ቲዎረሙን በስሙ የጠራው የሥራ ባልደረባው ላሜ ነው፣ በ1852። የቀረው 25 ጁልስ?

እንደ አቀማመጥሽ ነው። ጭነቱን በክሬን ቀስ አድርገሽ ካስቀመጥሽ፣ ገመዱ እስከ መጨረሻው ከፊሉን ሸክም ይዞ ነበር። ወደ ላይ እየጎተተ ወደ ታች ወረደ። 25 ጁሉን የወሰደው እሱ ነው። ጭነቱን ቢሙን አስነክተሽ ድንገት ከለቀቅሽው ግን የሚቀበልሽ የለም። ቢሙ 5 ሚሊ ሜትር ላይ አይቆምም። እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ ይመለሳል፤ ይወዛወዛል። ውዝዋዜው እየደከመ ሲቆም 25 ጁሉ ሙቀት ሆኗል። አስተውዪ፤ 10 ሚሊ ሜትር ላይ በቢሙ ውስጥ ያለው ኃይል የጭነቱ እጥፍ ነው። ከከፍታ ሳይወረወር፣ ድንገት በመለቀቁ ብቻ። ሳይት ላይ ሲሚንቶና ፌሮ ባልጠነከረ ስላብ ላይ «ዱብ» ሲደረግ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይሸበራል።

ቨርቹዋል ወርክ የሚባለውን፣ በምናብ መፈናቀል የሚሠራውን ስሌት፣ ከዚህ ጋር አትቀላቅይው። እዚያ ኃይሉና መፈናቀሉ አንዱ የሌላው ውጤት መሆን የለባቸውም፤ ስለዚህም ግማሽ የለም። የስሌት መሣሪያ ነው።

እስካሁን ያወራነው የተጠራቀመው ስለሚመለስበት ሁኔታ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይመለስም። ቤት ውስጥ የልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ ፈልጊ። አንድ ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ አሥር ጊዜ ያህል ቶሎ ቶሎ አጣጥፊው። ከዚያ የታጠፈበትን ቦታ ከንፈርሽ ላይ አስነኪ። ቀስ ብለሽ፤ ሊያቃጥል ይችላል። እጅሽ የሠራው ሥራ ሙቀት ሆኖ ያገኝሻል። ቴይለርና ክዊኒ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1934 ይህን በጥንቃቄ ለኩት። ብረት ላይመለስ ሲታጠፍ ወይም ሲጠመዘዝ ከሚሠራበት ሥራ አብዛኛው፣ ወደ 90 በመቶ አካባቢ፣ ወዲያው ሙቀት ይሆናል። ቀሪው በብረቱ ክሪስታሎች ውስጥ በተዛነፉ መስመሮች ተደብቆ ይቀራል።

ፌራዮ ፌሮ ሲያጥፍም እንዲሁ ነው። 400 ሜጋ ፓስካል ላይ የሚሸነፍ፣ ማለትም ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምር፣ ፌሮ በውጨኛው ጠርዙ 10 በመቶ ተለጠጠ እንበል። በእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሜትር 40 ሚሊዮን ጁል ሥራ ማለት ነው። ዘጠና በመቶው ሙቀት ከሆነ ጠርዙ ወደ 10 ዲግሪ ይሞቃል። በአንድ እጥፋት! ይህን ስሌት ራስሽ ሥሪው። የብረትን እፍጋትና የሙቀት መያዝ አቅም ካወቅሽ ሦስት መስመር ነው። የስትረስና የስትሬይን (በስፋት የተካፈለ ኃይልና የመለጠጥ መጠን) ዲያግራሙ ሥር ያለው ስፋት ያን ጊዜ ከፈተና ጥያቄነት ወጥቶ በጣት የሚዳሰስ ነገር ይሆናል።

ላስቲክ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሰፊ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ከንፈርሽ ላይ አድርገሽ ድንገት ለጥጪው፤ ይሞቃል። ትንሽ ጠብቀሽ ልቀቂው፤ ይቀዘቅዛል። ይህን በ1805 የጻፈው ጆን ጎፍ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ዓይነ ስውር ነበር። ከንፈሩን እንደ ቴርሞሜትር መጠቀሙ አያስገርምም። ብረት በልኩ ስትለጥጪው ሥራሽ በአተሞች ትስስር ውስጥ ይቀመጣል። ላስቲክ ግን የተጠቀለሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች ክምር ነው። ስትለጥጪው ይሰለፋሉ፤ ሥራሽ በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሲለቀቅ ሙቀቱን ከአካባቢው መልሶ እየወሰደ ይሰበሰባል። ስለዚህ «የተጠራቀመ ኢነርጂ» ሲባል ሁልጊዜ ውስጥ ተቀምጧል ብለሽ አትደምድሚ።

እዚህ ላይ ሙሉው ሒሳብ ይመጣል። የውጭ ኃይሎች ሥራ ሲደመር ከውጭ የገባ ሙቀት፣ ከእንቅስቃሴ ኢነርጂ ለውጥ ሲደመር ከውስጥ ኢነርጂ ለውጥ ጋር እኩል ነው። ይህ የቴርሞዳይናሚክስ የመጀመሪያው ሕግ ነው። የውስጥ ሥራ የሚለው ቃል በውስጡ የለም፤ ልብ በዪ። የውስጥ ሥራ የሚታየው የእንቅስቃሴ ኢነርጂን ብቻ ስትከታተዪ ነው። ያኔ ሥራው ድልድይ ይሆናል፤ ኢነርጂን ከሚታየው እንቅስቃሴ ወደማይታየው ውስጥ፣ ወይም ከውስጥ ወደ እንቅስቃሴ ያሻግራል። በዝላይሽ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በፍሬኑ ከውጭ ወደ ውስጥ። አራተኛ ዓመት ላይ ይህ ድልድይ ስትረስ ሲባዛ በስትሬይን ፍጥነት ሆኖ በየነጥቡ ይጻፋል። ምልክቱ ያስፈራል፤ ሐሳቡ ግን የሁለቱ ኳሶችና የሞላው ነው።

ለመሳሳቅ ያህል ስለ ጫማም ላንሳ፤ ሰሞኑን ሁሉም ስለ ሯጭ ጫማ ያወራል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ስትጨርስ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር። ማስታወቂያው «ኢነርጂ ይመልሳል» ይላል። ይመልሳል፤ ግን የወሰደውን ያህል በፍጹም አይመልስም። በ2018 በታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት የዘመኑ ምርጥ ሶል 87 በመቶ መለሰ፤ የቀድሞው ዓይነት 65.5 በመቶ። ምርጡም 13 በመቶ በላ ማለት ነው። በአንድ እርምጃ ሲደመር የሶሉ የውስጥ ሥራ ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ነው። ጥቅሙ ማነስ ላይ ነው፤ ያነሰ ይበላል። ከሱ ይልቅ የሚያስገርመኝ እግሯ ነው። በ1987 የወጣ ሌላ ጥናት 70 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ ከሚንቀሳቀሰው 100 ጁል ገደማ ውስጥ 35ቱን የተረከዝ ጅማቱ፣ 17ቱን የውስጥ እግሩ ቅስት እንደሚያጠራቅሙ አሰላ። ከግማሽ በላይ። ያ ሞላ ከፋብሪካ አልወጣም።

መጨረሻ ላይ የፈተና ነገር። አንድ ጥያቄ እንደሚመጣብሽ እገምታለሁ። «1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከቆመበት ተነስቶ በ100 ሜትር ውስጥ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ደረሰ። የመንገዱ ሰበቃ የሠራውን ሥራ አስሉ።» የሚጠበቀው መልስ 2,400 ኒውተን ሲባዛ በ100 ሜትር፣ 240,000 ጁል ነው። አስተማሪሽ የሚፈልገውን አንቺም እኔም እናውቃለን። ቁጥሩን ጻፊ፤ ለምን ነጥብ ታጫለሽ? ግን ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሪ፦ «ይህ የመኪናው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ለውጥ ነው፤ ጎማው ስላልተንሸራተተ የመንገዱ ሥራ ዜሮ ነው፤ ሥራውን የሠራው ሞተሩ ውስጥ ፒስተኑን የገፋው ጋዝ ነው።» መምህርሽ ወረቀቱን ይዞ ቢጠራሽ አትደንግጪ። ከጫማሽ ሥር ጀምረሽ አስረጂው።